አንለይ የጻፈው መስመር

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ፣ ከሌሊቱ ሰባት፣
ከቆርቆሮ መደብር በላይ፣ በተከራየናት ፎቅ ቤት፣
ሰርቨሩ ደጁን ዘጋ፤ «ሞልቻለሁ» አለ።
ማነው የሞላበት? ቢሮው ውስጥ ማን አለ?
እኔና አንለይ ብቻ፣ አንድ ድመት፣ ዝናብ፣
ደግሞ አንድ ፕሮግራም፣ የፋይልን ታሪክ የሚያስነብብ።

ቆጠርን። ሁለት መቶ አምሳ ስድስት
በር ተከፍቶ ቀርቷል፣ ገቢም ወጪም በሌለበት።
ፋይል ለማየት አንኳኩቶ፣ አይቶ ዝም ብሎ የሄደ፣
ለማስረከብ አንኳኩቶ፣ አስረክቦ የነጎደ፣
«ደህና ሁን» ያላለ፣ መዝጊያ ያልገፋ፣
ባለቤቱ ሄዶ ጥላው ያልጠፋ።

ታሪኩን ገለጥኩት፤ ይሄ ነው መቼም ሥራችን፣
ማን የትኛዋን መስመር፣ መቼ እንደነካብን።
መስመር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣ ያለፈው ጥቅምት፣
የጸሐፊው ስም፦ አንለይ።
ሳቅሁ። ምን ልበልበት?
እናቱ ያወጣችለት ስም ኮድ ውስጥ ገብቶ፣ መለየት አቃተው፤
አንዴ የጨበጠውን እጅ መልቀቅ ጨነቀው።
የኔ ስም ደግሞ ልየው ነው፤ እስቲ እንግዲህ ልየው።

አንለይ አልተቆጣም። ጋቢውን ሰብስቦ፣
«በየትእዛዙ መክፈት ምን ማለት ነው?» አለ አስቦ።
«የጎጃም ሰላምታ ነው እኮ! እንዴት አደርህ፣ ደህና ነህ፣
ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና፣ አንተስ እንደምን ነህ፣
ስምህ ማን፣ የይለፍ ቃልህስ፣ የማን ልጅ ነህ፣
በየትኛው ስምምነት፣ በየትኛው ፊደል ልጻፍልህ፤
ይሄን ሁሉ ብለን፣ አንዲት ፋይል ለማየት?
ተከፍቶ ይቆይ እንጂ፣ ምን አለበት?»
እውነቱን ነበር። ችግሩም እሱ ነበር።

አክስቴ አንጓች ትዝ አለችኝ፤ ቢቸና፣ ስልክ ቤት፣
ዐሥር ገመድ ይዛ፣ ለመላ ወረዳ ልታዳርስበት።
ነጋዴው ለጤፍ ዋጋ፣ ዳኛው ለቀጠሮ፣
ሙሽራው ለሚዜ፣ አንዱ ደግሞ ለእሮሮ።
ሰክታ ታስጀምራለች፤ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ
«ጨረሳችሁ?» ትላለች፤ መልስ ከሌለ ነቅላ
ለቀጣዩ ትሰጣለች። ለቅሶ የሰማች እንደሆን
ጆሮዋን ታነሣለች እንጂ፣ አትነቅልም ገመዱን።
«ገመዱ የኔ አይደለም፣ የተናጋሪም አይደለም፤
ባለቤቱ ተራ ጠባቂው ነው፤ ሌላ ጌታ የለውም።»

ስለዚህ ዐሥር ገመድ ሠራን፤ ዐሥር ብቻ፣ የጋራ።
ሰላምታው አንዴ ተብሎ፣ ሁሉም የሚዋሰው በተራ፤
የጨረሰ ይመልሳል፤ ስሕተት ቢያደናቅፈውም
ወድቆም ሳለ ይመልሳል እንጂ፣ ይዞ አይሞትም።
ደቂቃ ቆጣሪ አኖርን፣ ዝም ያለውን የሚጣራ፣
ሦስቴ ጠርቶ መልስ ሲያጣ፣ የሚነቅል ሳይፈራ።
መብራት በጠፋ ቁጥር (በሐምሌ የማይጠፋው መቼ ነው?)
እዚህ የሞተውን ደንበኛ፣ ሰርቨሩ እዚያ «ሕያው ነው»
ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ እርሙን አላወጣም።
አሁን ያወጣል፤ ሦስት ጥሪ፣ ከዚያ ወዲያ አይቀመጥም።
ትልቅ ፋይል የተሸከመ ግን፣ በመሀል አይነቀልም፤
ይህን ያስጨመረው አንለይ ነው። እኔ አላሰብኩትም።

ሊነጋ ሲል ለውጡን ራሱ አንለይ አስረከበ።
ከሥሩ አጭር ማስታወሻ፤ ልየው ሁለቴ አነበበ፦
«አንለይ ያልኩትን ሁሉ፣ ዛሬ በእጄ ለየሁት።»
የድሮዋ መስመር አልጠፋችም፤ ታሪክ ውስጥ ናት ያኖርናት፤
ማንም ሊጎበኛት ይችላል፣ ቁጥሯን ከጠራላት።

ዝናቡ አባርቶ ወረድን። ደጅ ላይ ቆምን ለመሰነባበት፤
«በል ደህና ዋል» አለኝ። «ደህና ዋል» አልሁት።
«እናትህስ?» «ደህና ናት።» «በል እሺ።» «በል እሺ፤
ያ ገመድ ግን…» እያልን
የቆርቆሮ መደብሩ ተከፈተ፣ ፀሐይ ሞቀ፣
ሠላሳ ደቂቃ ሞላ፤
ማንም አልነቀለን።